ያልመጡት በሽተኞች

ክንዱ ቂሙን እንደ ሌላው ሰው በሆዱ አልያዘም፤ በአፉ ነው የያዘው። ጀልባውን ከባሕር ዳር ወደብ አስነሥቶ ወደ ዘጌ ሲያቀና፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የእሱ ወሬ ሞቆ ይገኛል። አዲስ ተሳፋሪ የገባ እንደ ሆነማ ነገሩ ከሥሩ ይጀመራል። በከተማው ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ስንት ክረምት እንደ ቆመ፣ ምጥ የያዛትን ስንቷን ሴት ደግፎ እንዳስገባ፣ ከዚያ አንድ ቀን መዋቅር ተለወጠ ተብሎ ለዘበኛም ዐሥረኛ ክፍል ያስፈልጋል መባሉን፣ እሱ ደግሞ ስምንተኛን እንኳ ሳይጨርስ ከትምህርት ቤት የወጣ መሆኑን፣ የስንብቱን ደብዳቤ የፈረመውም ሌላ ሰው ሳይሆን አምሐ መሆኑን። አምሐ ማለት በወጣትነታቸው አንዲት የጭቃ ክፍል አብሮት የተከራየ፣ በአንድ ብርድ ልብስ አብሮት ያደረ፣ የክንዱን ኮት ለብሶ ለሥራ ፈተና የሄደ ሰው ነው።

“በር ለመክፈት ዐሥረኛ ክፍል!” ይላል ክንዱ የሞተሩን እጀታ እንደ ያዘ። “እኔ የምለው፣ በሩ ራሱ ስንተኛ ክፍል ነው?”

ተሳፋሪው ይስቃል። አሥር ጊዜ የሰማውም ደግሞ ይስቃል፤ ክንዱ ሲያወራ ወዝ አለው። እሱ ራሱ ግን አይስቅም።

እግዚአብሔርም ሲፈርድ አንዳንዴ ቀልድ ይወዳል መሰል። የዚሁ የክንዱ አንዲት ልጅ፣ ማኅሌት፣ ፔዳ ካለው ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ስትወጣ ሥራ ያገኘችው እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው አምሐ በሚመራው የዕቅድ ክፍል ሆነ። ያውም በኮንትራት፣ ለአንድ ዓመት። ክንዱ ወሬውን የሰማ ዕለት ደስ ይበለው ወይስ ይናደድ ቸግሮት፣ ንጹሕ የነበረውን ጀልባ ሲያጥብ ዋለ።

“ልጅህን የቀጠራት እሱ ነው፤ አሁንስ አይበቃህም?” አለችው ሚስቱ የብርጓል።

“እሱ አልቀጠራትም፤ ውጤቷ ነው የቀጠራት።”

“እሱ ሳይፈርም ነዋ የገባችው!”

“መፈረምማ ይችልበታል” አለ ክንዱ፣ ጨርቁን እየጨመቀ።

የልጁ ሥራ ምን እንደ ሆነ የገባው በነሐሴ አንድ እሑድ ነው። ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ይደበድባል። ማኅሌት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

“ምንድን ነው እሱ? ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ዐይንሽን ከሱ አላነሣሽም።”

“ባለፉት ዓመታት በየወሩ ስንት በሽተኛ ወደ ሆስፒታል እንደ መጣ ነው አባየ። እሱን ደርድሬ፣ ዝናቡን ጨምሬ፣ የሚመጣው ጥቅምት ስንት ሰው ይዞ እንደሚመጣ እገምታለሁ።”

“ጠንቋይ ሆንሁ በይኛ!”

“ጠንቋይ ፊትህን አይቶ ይናገራል። እኔ ያለፈውን ሁሉ ሳልቆጥር ትንፍሽ አልልም።”

ክንዱ አሰበ። ውኃ ላይ የሚኖር ሰው ነውና በውኃ አሰበው። “እንግዲያ እንደ ጣና ነው። ውኃው በየክረምቱ የት ድረስ እንደ መጣ የወደቡ ድንጋይ ላይ ይታያል። የዘንድሮው ከየት እንደሚደርስ እሱን አይቶ መገመት አያቅትም።”

“ልክ ነህ! እኔ ይኸን ለማስረዳት ስንት ስላይድ ሠርቻለሁ መሰለህ” አለችና ሣቀች። ክንዱ ሲመሰገን ጆሮው ይቀላል፤ ቀላ። እሷ ግን ወዲያው ሣቋን ሰበሰበች። “ብቻ ዘንድሮ ጥሩ አይመስልም። ዝናቡ በዝቷል። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ሲዘንብ ጥቅምት ላይ የወባ በሽተኛ ይጎርፋል። ካምናው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።”

“ታዲያ ንገሪያቸዋ።”

“ነግሬያቸዋለሁ። ዶክተር ፀደንያ አምናኝ መድኃኒት አዝዛለች፣ አልጋ አስጨምራለች፣ ለወራቱ ብቻ የሚሠሩ ነርሶች አስቀጥራለች።” ዶክተር ፀደንያ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ናት። “እኔን የሚመዝኑኝም በዚሁ ነው። ኮንትራቴ በኅዳር ያልቃል። ግምቴ ከቀረበ ያድሱልኛል።”

“ከራቀስ?”

“ከራቀ ጅግጅጋ ያገኘሁትን ሥራ እይዛለሁ። ደመወዙም ይሻላል።”

ጓዳ የነበረችው የብርጓል እጇ ላይ ያለውን ሰሐን ሳታስቀምጥ ብቅ አለች። ክንዱ ጅግጅጋን የሚያውቃት በቴሌቪዥን ከሚነገረው የአየር ጠባይ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ትሞቃለች። ልጁን በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ በማያውቃት ከተማ፣ በሰው ቤት ተከራይታ በሐሳቡ አያት። አንዲት ናት። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁለቱ አልቆዩለትም።

“ይቀርባል” አለ። “ያንች ግምት ይቀርባል።”

“ይቅረብ ብለህ ጸልይልኝ። ደግሞ አባየ፣ ይኼ የቢሮ ነገር ነው፤ ለሰው አይወራም።”

“እኔ ለማን አወራለሁ?” አለ ክንዱ።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ትኬት ለሚቆርጠው ሰውዬ ነገረው። ከዚያ ለዓሣ ነጋዴዎቹ ነገራቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣና፣ የሞተሩ ድምፅ ስለሚበልጠው እየጮኸ ለጀልባው ሁሉ ነገረ። ስለ አምሐ ማውራቱን እንኳ ለጊዜው ተወው፤ ባለጀልባዎች ማኅበር ውስጥ ያሉት ጓደኞቹ ታሞ እንደ ሆነ ጠየቁት።

“የኔ ልጅ ናት የተናገረችው! ማኅሌት! ያለፈውን አይታ የሚመጣውን የምታውቅ። በጥቅምት ወባ ይመጣል፤ ሆስፒታሉ አልጋ አይበቃውም!”

ወሬ ውኃ ላይ ሲሄድ ያብጣል። ባሕር ዳር ላይ እጥፍ የነበረው ዘጌ ሲደርስ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ደቅ ደሴት ሲደርስ አልጋው ቀርቶ የሚተኙበት መሬትም አይገኝም ተባለ። ሌሎቹ ጀልባ ነጂዎች ደግሞ የክንዱን ያህል ባይችሉበትም የቻሉትን አደረጉ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ፤ ከዘጌ ወዲያ ባለች አንዲት የሐይቅ ዳር ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ለከተማ ጉዳይ ሁልጊዜ በክንዱ ጀልባ የሚመላለሱ ሽማግሌ። እሳቸው እንደ ሌላው አልሣቁም። ጥምጣማቸውን ከንፋሱ እየጠበቁ ጠየቁት።

“ልጅህ በምን አወቀችው?”

“ያለፉትን ዓመታት በሽተኞች ቆጥራ ነው መሪጌታ። ቁጥሩ ይነግራታል።”

“እርግጥ ነው ትላለች?”

ክንዱ ልጁ “ሊጠጋ ይችላል” እንዳለች አስታወሰ። ግን አባት ነው። “እንደ ፀሐይ መውጣት ነው” አለ።

የጣና ዳር ‘የሚመጣ ነገር ተነገረ’ ሲባል የኖረበት አገር ነው፤ ሰዉ ከገዳም የሚወጣ፣ በባሕታዊ አፍ የሚመጣ ስንት ነገር ሰምቷል። እንዲህ ያለው ወሬ ሲደርሰው ‘ልክ ይሆን አይሆን’ እያለ ቁጭ ብሎ አይከራከርም፤ የሚደረገውን ያደርጋል። በሚቀጥለው እሑድ መሪጌታ ከአስተዳዳሪው ተነጋግረው ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሙ። ምህላ ታወጀ። መሪጌታ ግን በዚያ አላበቁም።

“ምህላ ይዞ ያቆረ ውኃ አጠገብ መተኛት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው” አሉ። “የየደጃችሁን ጉድጓድ ድፈኑ። መንግሥት የሰጣችሁን አጎበር የጫጩት አጥር ያደረጋችሁ፣ ዓሣ ያጠመዳችሁበት፣ ኋላ እንዳትጸጸቱ፣ ዶሮው ይቅርባችሁና አልጋችሁ ላይ ስቀሉት። ራሱን ያመመው ሰው እስኪያንቀጠቅጠው አይጠብቅ፤ ዕለቱን ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። በጥቅምት ሆስፒታል ቦታ የለም ተብሏል።”

ሕዝቡ ‘ቦታ የለም’ን ሰምቶ ፈራ። ወሬው ከዚያች ደብር ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ወደ ገበያው ሄደ። በመስከረም የሐይቁ ዳር ሰው ጉድጓድ ሲደፍን፣ ቦይ ሲቀድ፣ አጎበሩን እያጠበ ሲሰቅል ሰነበተ። ጤና ኬላዎቹ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ታየ። ክንዱ ይኸን ሁሉ ከጀልባው ላይ ሆኖ ያያል፤ ሰው የልጁን ቃል እንዴት እንዳከበረ አይቶ ልቡ ያብጣል። ከዚህ ያለፈ ግን አላሰበም።

ጥቅምት ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማኅሌት “ገና ነው” አለች። ሁለተኛው ላይ ምንም አላለችም። ሦስተኛው ላይ ከሥራ መጥታ እራቷን ሳትነካ ተነሣች።

“ምነው ልጄ?” አለች የብርጓል።

“አልጋዎቹ ባዶ ናቸው እማየ። የተቀጠሩት ነርሶች ስልካቸውን እያዩ ይውላሉ። አንዷ ዛሬ ‘ነቢይቱ መጣች’ አለችኝ። እየሣቀች ነው ያለችኝ፤ ክፋት የለባትም።”

“ስሟን ንገሪኝ” አለ ክንዱ።

“አባየ ተወኝ እባክህ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዱ ላይ አንድ ነገር መጣበት፤ እሱ ራሱ ደስ ያላለው ነገር። ተሳፋሪ ሲገባ ፊቱን ማየት ጀመረ። ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ጋቢውን ከልክ በላይ የተከናነበ ሰው ይፈልጋል። አንድ ጠዋት እማማ እናትዓለም፣ ከዘጌ ሎሚና ቡና የሚያወርዱ ነጋዴ፣ ግንባራቸውን በሻሽ አጥብቀው አስረው ገቡ። ክንዱ ልቡ ዘለለ።

“እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?”

“የለም፣ ደኅና ነኝ።”

“ብርድ ብርድ አይልዎትም? ትንሽ?”

“ኧረ ደኅና ነኝ አልሁህ!”

“ማታ ማታስ? አያንቀጠቅጥዎትም? ብቻ ከሆስፒታሉ ቢታዩ አይከፋም፤ አልጋም በሽ ነው...”

“አንተ ሰውዬ!” አሉ እማማ እናትዓለም፣ ሻሻቸውን ፈትተው ግንባራቸውን እያሳዩት። “ዘመዶቼም እንዲህ ሞቴን አልተመኙልኝ! ባልጋህ አንተው ተኛበት!”

ጀልባው በሣቅ ተናወጠ። ክንዱ ዐንገቱን ደፋ። ከኋላ ወንበር መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። ዘጌ ደርሰው ሰዉ ሲወርድ እሳቸው ቀሩ።

“ምን ሆነሃል ክንዱ?”

“የሚታመም ሰው ጠፋ መሪጌታ።”

“ምስጋና ነዋ!”

“ለእናንተ ምስጋና ነው። የኔ ልጅ ይመጣል ያለችው በሽተኛ ስላልመጣ ልትባረር ነው። ጅግጅጋ ልትሄድብኝ ነው። ጥቂት ሰው ቢታመም፣ እንዲያው ቀለል ያለውን፣ ምናለበት?” ያለውን ሲሰማው ራሱ ደነገጠና አማተበ። “ማርያም ይቅር ትበለኝ።”

መሪጌታ “ዮናስም እንዳንተው ነበር” አሉ። “ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ። ሰዎቹ ሰሙት፣ ጾሙ፣ ተመለሱ፤ ከተማይቱም ዳነች። ከተማ ሙሉ ሰው ተርፎለት እሱ ከከተማው ወጥቶ ‘ቃሌ ወደቀ’ ብሎ አኮረፈ።”

“ዮናስ ኮንትራት አልነበረበትም” አለ ክንዱ፣ ጀልባውን እየገፋ።

ነገሩ አልገባውም። ሌላ ነገር ነበር የገባው፤ ለሱ ዘወትር ቶሎ የሚገባው ነገር። ማታውን ለየብርጓል ነገራት። “አምሐ ነው። እሱ ነው ቁጥሩን የሚቀንሰው። ወይም በሽተኛውን ከበር ይመልሰዋል። የኔ ልጅ መሆኗን ሳያውቅ ቀጠራት፣ አሁን አወቀ።”

“ገና ስትገባ ጀምሮ ያውቃል። በስምህ ነው የምትጠራው፤ ማኅሌት ክንዱ ተብላ።”

“ስንት ክንዱ አለ!”

የማኅሌት ሥራ የሚመዘንበት ስብሰባ በኅዳር መጀመሪያ ሆነ። በዚያን ቀን ጠዋት ክንዱ ለልጁ “በርቺ” ብሎ ሸኛት፤ ጀልባውን ለጓደኛው ሰጠ፤ የሠርግ ኮቱን ለበሰ፤ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። በሩ ላይ አንድ ወጣት ዘበኛ አስቆመው።

“መታወቂያ ጋሼ?”

ክንዱ ከላይ እስከ ታች አየው። ይኸን በር ለስንት ዓመት እሱ ነበር የሚዘጋው፣ እሱ ነበር የሚከፍተው። “አንተ ደግሞ ስንተኛ ክፍል ነህ?”

“እኔ?” ልጁ አፈረ። “ዲግሪ አለኝ ጋሼ። በሥራ አመራር።”

ክንዱ ሊለው ያሰበው ነገር ሁሉ ጠፋበት። “ዲግሪ ይዘህ ነው እዚህ የቆምህ?”

“ሌላ አልተገኘማ።”

“አይ ልጄ” አለ ክንዱ፣ መታወቂያውን እየሰጠው። “አይዞህ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በዚህ በኩል ነው የሚመጣ፤ ወንበርህን ወደዚያ አዙር።”

የስብሰባው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ክንዱ ከውጭ ቆሞ ሰማ። የልጁ ድምፅ ነው፤ ቀጥኗል። “ከግምቴ ግማሹም አልመጣም። ስሕተቱ የኔ ነው። ያለፉትን ዓመታት ደግሜ አየሁ፤ ስሌቱ ላይ የሳትሁትን ግን አላገኘሁም።” ከዚያ የአምሐን ድምፅ ሰማ፤ “እንግዲህ መመሪያው መመሪያ ነው” የሚል።

መመሪያው! ያኔም ያለው ይኸንኑ ነበር። ክንዱ በሩን ገፍቶ ገባ።

በጠረጴዛው ዙሪያ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዶክተር ፀደንያ ራስጌ፣ አምሐ ከጎኗ። አምሐ ጸጉሩ ከላይ አልቋል፤ መነጽር አድርጓል። ማኅሌት ግድግዳው ላይ ከበራው የቁጥር ሥዕል አጠገብ ቆማለች። አባቷን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ክንዱ?” አለ አምሐ።

“አዎ፣ ክንዱ! ስሜን አልረሳህም። እኔን በመመሪያ አባረርኸኝ፤ ልጄን ግን በመመሪያ አትነካትም። በሽተኞቹን የት አደረስኻቸው?”

“የትኞቹን በሽተኞች?”

“ይመጣሉ የተባሉትን! ወዴት ደበቅኻቸው?”

“አባየ...” አለች ማኅሌት።

“ቆይ አንች! ስሙኝ እናንተ የተማራችሁ። ይች ልጅ ወባ ይመጣል ስትል እኔ ለማን አልነገርሁም? ለወደቡ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ለዘጌ ነግሬያለሁ፣ ለደቅ ነግሬያለሁ። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ተናግረውታል። ምህላ ተይዞበታል! ሰዉ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ አጎበሩን ሰቅሎ፣ ራሱን ባመመው ዕለት ጤና ኬላ እየሮጠ፣ ይኸን ሁሉ ያደረገው ይችን ልጅ አምኖ ነው! ያገር ሰው ሁሉ እንዲህ አምኗት፣ እንዲህ ተዘጋጅቶላት ሲያበቃ፣ በሽተኛው ጠፋ ትሉኛላችሁ? እንዴት ነው የሚጠፋው? እ? እንዴት?”

ክፍሉ ጸጥ አለ። ክንዱ ጸጥታውን አሸንፌያለሁ ብሎ ተረጎመውና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

መጀመሪያ የሣቀችው ዶክተር ፀደንያ ናት። ሣቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት፤ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ ሌሎቹ። አምሐ ብቻ አፉን በእጁ ይዞ ጠረጴዛውን ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

“ምን ያስቃል?” አለ ክንዱ። ልጁን ዘወር ብሎ አያት። ማኅሌት አልሣቀችም። ፊቷ ቀልቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዲስ እንዳየችው ሁሉ አፍጥጣ ታየዋለች።

“መስከረም” አለች ቀስ ብላ። “ጤና ኬላዎቹ። ከሐይቁ ዳር ጤና ኬላዎች በመስከረም ደሙን የተመረመረው ሰው ካምናው በጣም በዝቶ ነበር። ሪፖርቱን አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱ ስላልገባኝ ተውሁት።”

“ሕመሙ ሳይጠናበት እዚያው ታክሞ ቀረ ማለት ነው” አለች ዶክተር ፀደንያ።

“ሁሉም አይደለም” አለች ማኅሌት። ልጅቷ እዚህ ላይ ዝም ብትል ይሻላት ነበር፤ ግን እንደዚያ አልተፈጠረችም። “ዝናቡም ዘንድሮ ከተለመደው ቀድሞ ቆሟል። ስንቱ በዝናቡ፣ ስንቱ በአባቴ እንደ ቀረ መለየት አልችልም።”

ክፍሉ እንደ ገና በሣቅ ፈረሰ። ክንዱ አሁን ትንሽ ትንሽ ይገባው ጀመር። ያ ሁሉ ጉድጓድ፣ ያ ሁሉ አጎበር፣ እማማ እናትዓለም ያሳዩት ያ ጤነኛ ግንባር። ልጁን ጅግጅጋ ሊልክ የደረሰው አምሐ አልነበረም።

“እስቲ ውጭ ቆይ ክንዱ” አለ አምሐ ተነሥቶ። “ና፣ እኔ ላውጣህ።”

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። ስንት ዘመን እንዲህ ተቀራርበው አልቆሙም። አምሐ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

“ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ አይደለሁም። ፈርም ተባልሁ፣ ፈረምሁ።”

“እጁ ያንተ አልነበረም?”

“የኔ ነበር።”

“እንግዲያ።”

አምሐ መነጽሩን መልሶ አደረገ። “እናቴ ከሐይቁ ማዶ ይፋግ ናት የምትኖረው፤ አርጅታለች። በመስከረም ደውላ ‘ከባሕር ዳር ትልቅ ወባ እየመጣ ነው አሉ፤ አንተ እዚያ ተቀምጠህ አትነግረኝም?’ ብላ ተቆጣችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ ገበያ ላይ ሰማሁ አለችኝ። አጎበር ላክልኝ አለች።”

“ላክህላት?”

“ላክሁላት።”

“ጎሽ” አለ ክንዱ። ሊለው አልፈለገም፤ አመለጠው። ስለዚህ አስከትሎ “ኮቴን ግን አልመለስኸውም” አለ፤ አምሐም ምኑን እንደሚለው ገብቶት እየሣቀ ወደ ስብሰባው ተመለሰ።

ክንዱ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አስታማሚዎች ምሳ ዕቃ ይዘው ያልፋሉ። አንዲት ሴት የተወለደ ሕፃን አቅፋ ወጣች፤ ባሏ ከኋላ ፌስታሉን ሁሉ ተሸክሞ። ክንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ግቢ ውስጥ ማንንም አልወቀሰም፤ ወቀሳው ሁሉ ወደ ራሱ አፍ ሄዶ ነበር። ‘ለሰው አይወራም’ ብላው ነበር። በነሐሴም በመስከረምም አፉን ይዞ ቢቆይ ምን ነበረበት? ደግሞ ይዞ ቢቆይ፣ ያ ሁሉ አልጋ ይሞላ ነበር። እማማ እናትዓለም አንዱ ላይ ይተኙበት ነበር። የቱ ይሻል እንደ ነበር ሊመዝነው ሞከረ፤ አልተመዘነለትም። ልጁንም ሰዉንም፣ ሁለቱንም ነው የፈለገው።

ማኅሌት ስትመጣ ከሩቅ አያት። ትፈጥናለች፤ ተቆጥታ ስትመጣ እንደ እናቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች።

“አባየ!” አለች ገና ሳትደርስ። “ምን ብለህ ነው እንዲህ የምታደርገኝ? በስብሰባ መሐል! ‘ወዴት ደበቅኻቸው’! ሰው በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ ያውቃል? ለሰው አይወራም አላልሁህም? ምህላ አስይዘህብኛል እኮ! ምህላ!”

“ብለሽኛል።”

“ዶክተር ፀደንያ ከእንግዲህ ግምት ስሠራ ለየጤና ኬላው ቀድሞ ይሂድ አለች፤ ያ ደግሞ ሥራዬን እጥፍ ያደርገዋል። አቶ አምሐ ‘የአባትሽን አፍ ስሌቱ ውስጥ አስገቢው’ እያለ ሰዉን ሁሉ ያስቃል። እኔ ከነገ ጀምሮ በምን ፊቴ ነው እዚያ ቢሮ የምገባ?”

ክንዱ ከንግግሯ ውስጥ አንዲቱን ቃል ብቻ ለቀመ። ከነገ ጀምሮ። ግን ፈርቶ አልጨበጣትም።

“ልጄ፣ ቀሪ ነሽ ወይስ ሂያጅ?”

ማኅሌት አፏን ከፍታ፣ ቁጣዋን ልትቀጥል ነበር፤ አየችው። የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ውሳኔ እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ተቀምጧል። ከጎኑ ተቀመጠች።

“ቀሪ ነኝ። አንድ ዓመት ጨመሩልኝ።”

ክንዱ ረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ክንዱን ለሚያውቅ ሰው ይኸ ትልቅ ነገር ነው።

“ግን ሁለተኛ ቢሮዬ እንዳትመጣ” አለች ማኅሌት። “ማልልኝ።”

“አልመጣም” አለ። “የመጣሁት ሂያጅ መስለሽኝ ነው።”